ሕፃን በጭን ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ ይከልከል?

አስተባባሪ፦ የዛሬው መከራከሪያ ከአንድ አባላችን የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና አድርገው ሸዋ ሮቢት በሚወርዱ ሚኒባሶች ላይ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጭን መያዙ ይቅር፣ የራሱ ወንበርና ቀበቶ ይኑረው ይላል። መደገፍም መቃወምም ይቻላል፣ ግን ምክንያት ይኑረው። «ሁሉም የሹፌር ጥፋት ነው» ብሎ መውጣት አይቆጠርም።

ሲስተር ደብረ ሲና፦ እደግፋለሁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደፊት የሚወረወረው 140 ኪሎ ሆኖ ነው። ኩንታል ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ነገር በክንዷ የምታስቀር እናት የለችም። «አጥብቄ እይዘዋለሁ» የሚባለው ለተራ ፍሬን እንጂ ለግጭት አይሆንም። ከዚህ የሚብሰው አንዱን ቀበቶ ለእናትም ለልጅም ማሰር ነው፤ የእናትየው ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። አዝሎ መቀመጥም ያው ነው፣ ልጁ በጀርባዋና በወንበሩ መደገፊያ መካከል ይጨፈለቃል።

የመንዝ እናት፦ ሲስተርዬ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ግን ከመሐል ሜዳ የታመመ ልጅ ይዛ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የምትሄደዋ ሴት ሁለት ወንበር ክፈይ ስትባል ምን ታድርግ? ወይ ትቀራለች፣ ወይ የጭነት አይሱዙ ለምና እህል ላይ ትወጣለች። ሕጉ ከሚኒባስ አውርዶ የባሰ ላይ ይጭናታል። ዕድሜ መዋሸትም ይመጣል። መናኸሪያ ላይ የልደት ሰርተፊኬት የሚያይ ተራ አስከባሪ አይታየኝም።

ጋራዥ ጫጫ፦ ክርክራችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ቀበቶው በምን ላይ ይታሰር? መንገድ ላይ ካሉት ሚኒባሶች ብዙዎቹ የዕቃ ቫን ሆነው ገብተው እዚህ ወንበር የተሠራላቸው ናቸው። ወንበሩ የቆመው በስስ ወለል ላይ በቡሎን ነው። ከሥር በኩል ላሜራውን የሚደግፍ ወፍራም ብረት ካልገባ፣ በግጭት ጊዜ ቡሎኑ ወለሉን ቀዶ ይወጣል፤ ወንበሩም፣ ቀበቶውም፣ ልጁም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ «ቀበቶ ይኑር» ብቻ ብሎ የሚወጣ ሕግ ገበያ ላይ ያለውን ጨርቅ ማሰሪያ ያስሸጣል እንጂ ሰው አያድንም። መጀመሪያ በዓመታዊ ምርመራ ወቅት የወንበሩ እግር ከሥር ይታይ። ከዚያ የቀበቶው ስፌት፣ የመቆለፊያው አያያዝ፣ በኃይል ሲሳብ ቀጥ ማለቱ። በአንድ ሚኒባስ የሚፈጀው ግማሽ ቀን አይሞላም።

ሹፌር ከጠባሴ፦ ጫጫ ያለው ወንበሩን ነው፤ እኔ መንገዱን ልናገር። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ይህን ሁሉ የምትወርደው ወደ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው፣ ጠመዝማዛውን ሳልቆጥር። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ካለ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ትክክለኛው ከጣርማበር ዋሻ ሳይወጡ ማርሽ መቀነስ ነው፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይባላል። ልጅ የያዘ ሰው የተቃጠለ ሽታ ከሸተተው አቁም ማለት መብቱ ነው። በክረምት ጉሙ ሲመጣ ደግሞ አንድ ሜትር ፊት አይታይም፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ «ልጆቹ ተኝተው ይደርሳሉ» የሚለው ብልሃት እዚያ ላይ ያበቃል። ልጁ ተኛ ማለት ሹፌሩ ነቅቷል ማለት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ጠዋት 2 ሰዓት ይነሱ፣ ጉሙም ይገፋል።

ስለ ሕጉ ደግሞ፣ ለልጁ ሙሉ ታሪፍ የሚባለውን እቃወማለሁ። ግማሽ ታሪፍ ይሁን።

ሲስተር ደብረ ሲና፦ ግማሹን እቀበላለሁ። ደብረ ሲና ላይ ግን 20 ደቂቃ መቆም ግዴታ ይሁን። ከዋሻው ወደታች ሲወረድ ጉንፋን የያዘው ሕፃን ጆሮው ይታፈናል፣ ያለቅሳል። ማጥባት ይረዳል፣ መዋጡ ጆሮውን ይከፍተዋል፤ ግን መኪናው እየሄደ ለማጥባት ከቀበቶ መውጣት ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ቆሞ ይጠባ። ተለቅ ያለው ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጭ።

ልብሱም እዚያው ይቀነስ። ደብረ ብርሃን በሹራብና በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በላብ ይርሳል። እጁን አይንኩ፣ እጅ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። ማጅራቱ ውስጥ ጣት ይግባ፤ እርጥብ ከሆነ አንድ ልብስ ይውጣ።

የሸዋ ሮቢት ነጋዴ፦ ማስታወክን ማን ይናገር? ከ2 እስከ 12 ዓመት ያለው ነው የሚቸገረው፣ ጡት የሚጠባው እምብዛም። ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ያባብሰዋል፤ ዓይን ስልክ ላይ ቆሞ ጆሮ የመኪናውን መዞር ሲያውቅ ነው ሆድ የሚገለበጠው። ልጁ ከፊት የሚመጣውን መንገድ ይይ። ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ትንሽ ዳቦ ወይም ቆሎ፣ ወተትና ቅባት አይሁን። ባዶ ሆድም አይበጅም። ፌስታል ሁለት ይደራረብ፣ አንዱ ብቻውን ያፈሳል።

የመንዝ እናት፦ በሶ ይዞ መሄድስ? ከመኪና ውስጥ በጥብጦ ማጠጣት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው።

ሲስተር ደብረ ሲና፦ በሶው ደህና ነው፣ ውኃው ነው ችግሩ። የፈላ ውኃ ቀዝቅዞ ከቤት ይውጣ። ካስታወከ ወይ ካስቀመጠው አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ። የተረፈው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ደግሞ ቆላ ያደረ ልጅ በአጎበር ይተኛ፤ ወደ ደጋ ከተመለሰ ከሳምንት በኋላም ቢያተኩሰው ሐኪሙን «ሸዋ ሮቢት ነበርን» ማለት አይረሳ፤ ወባ መሆኑ የሚታየው ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ጋራዥ ጫጫ፦ የግል መኪና ያላችሁ ደግሞ አትኩሩ፣ እናንተም ላይ ብዙ ጥፋት አለ። የልጅ ወንበር ጋቢና ላይ፣ ኤርባግ ባለበት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ማሰር ማለት ኤርባጉ ሲፈነዳ ልጁን መግደል ማለት ነው። ከኋላ ይሁን፣ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ልጁ ወደ ኋላ ቢያይ ይመረጣል። ወንበሩን ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከአንድ ጣት ስፋት በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። የልጁ ማሰሪያ ትከሻ ላይ በሁለት ጣት ከተቆነጠጠ ልል ነው። ጋቢው ከማሰሪያው ሥር አይግባ፣ ይታሰርና ከላይ ይደረብ፤ ሥሩ የገባ ወፍራም ልብስ በግጭት ይጨመቅና ማሰሪያው ይላላል። ሁለተኛ እጅ ወንበር ስትገዙ ከታች የታተመውን የማብቂያ ጊዜ እዩ፣ ተጋጭቶ የሚያውቅ መኪና ውስጥ የነበረ ከሆነ አትግዙ።

ሹፌር ከጠባሴ፦ ወደ ክርክሩ እንመለስ። ግማሽ ታሪፍ ካልን ቀሪውን ግማሽ ማን ይሸፍን? ባለቤቱ ቢሸፍን ነገ ረዳቱ ልጅ ያላትን ሴት «ሞልቷል» ይላታል። ይህን ካልመለስን ሕጉ እናቶችን ነው የሚጎዳው።

የመንዝ እናት፦ ያልኩት ይኸው ነው! ከፋዩ ተወስኖ እስኪመጣ ግን ገንዘብ የማይጠይቀውን እንያዝ። ልጅ የያዘ ሰው ሞተር ላይና ጋቢና አይቀመጥ፣ በሩ አጠገብም፣ መተላለፊያው ላይ በምትታጠፈዋ ወንበርም አይሁን። መካከለኛው ረድፍ ይሰጠው።

ጋራዥ ጫጫ፦ በመካከለኛው ረድፍ ላይ እስማማለሁ። ግን መጀመሪያ የወንበሩን እግር ልይ።