ኩላሊት የተተካላቸውን ሰዎች ድሬዳዋና ሐረር ላይ እንዴት ላግኝ?

ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። ድሬዳዋ ነኝ፤ የማስተርስ ጥናቴ ኮሮና ኩላሊት በተተካላቸው ሰዎችና በቤተሰቦቻቸው ላይ ስላደረሰው ጫና ነው። ርዕሱ ጸድቋል፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱም አለ፣ የሚጠየቀው ሰው ግን ጠፋ። ንቅለ ተከላው 2008 ላይ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፣ ውጭ ሄደው የተሠሩም አሉ፣ እዚህ የሚሰበሰቡበት ቦታ አላገኘሁም።

ከሁሉ የከበደኝ የለጋሹ ነገር ነው። እኛ ጋ የሚለግሰው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እና 2012 ላይ በሽታው ሲገባ፣ ተቀባዩ የሚወስደው መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም ቤት ሲቀመጥ፣ ገበያ የምትወጣለት ያችው ኩላሊቷን የሰጠችው እህቱ ልትሆን ትችላለች። መድኃኒቱ ደግሞ መቋረጥ የለበትም። ታዲያ እሷን እሱ ፊት "ፈርተሽ ነበር ወይ?" እንዴት ልበላት? ለየብቻ ላናግራችሁ ስል ደግሞ ይጠራጠራሉ።

በስልክ ይሻላል? እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ በአፋን ኦሮሞ ወይ በሶማልኛ የሠራ አለ? ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል የምትሠሩ ነርሶች፣ የማንንም ቁጥር አትስጡኝ፣ የኔን ብቻ አድርሱልኝ፤ የፈለገ ይደውላል። ውስጥ መስመር ጻፉልኝ።