የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክታችን የመገናኛ ገጽ ተበላሽቷል፣ ከየት ጀምሬ ላድሰው?

ሰነድ_አዳሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። አንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ኮድ ብዙም አልጽፍም ባብዛኛው ዶክመንቴሽኑን ነው የምሰራው። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ልጅ ኢሹ (ችግርና ጥያቄ የሚመዘገብበት ገጽ) ከፍቶ "ቻናላችሁ ውስጥ ሶስት ቀን ጠበቅኩ ሰላም የሚለኝ እንኳን አጣሁ፣ ፕሮጀክቱ ቆሟል ወይ?" ብሎ ጠየቀን። ኧረ አልቆመም! በዛው ሳምንት እኮ ዘጠኝ ፑል ሪኩዌስት (ሰው የላከው የኮድ ለውጥ) መርጅ ተደርጓል። ልጁ ሲጠብቅ የነበረው ሁላችንም ጥለነው የወጣነው የድሮ አይአርሲ (የቆየ የቻት ሲስተም) ቻናል ውስጥ ነው፣ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግቢያ ፋይል) አሁንም እዛ ግቡ ስለሚል። አንጀቴን ነው የበላው፣ ሶስት ቀን ሙሉ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ።

ከዛ ሁሉንም ቦታ መፈተሽ ጀመርኩ። ሪድሚው አይአርሲ ይላል፣ ለአዲስ ተሳታፊዎች የተጻፈው ኮንትሪቢዩቲንግ ፋይል ሜይሊንግ ሊስት ይላል እሱም ላይ የመጨረሻው ሜሴጅ ከተላከ ዓመት አልፎታል፣ ዌብሳይቱ ላይ ያለው የዲስኮርድ ኢንቫይት ኤክስፓየር አድርጓል፣ ሰዉ የምር የሚያወራበት የማትሪክስ (ሌላ የቻት ሲስተም) ሩም ደግሞ የትም አልተጻፈም። አሁን ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ልሰብስበው ወይስ እያንዳንዱን ባለበት ላስተካክለው? የድሮዎቹንስ ልዝጋቸው ወይስ ልተዋቸው? ሜንቴነሮቹ (ፕሮጀክቱን የሚመሩት) "እንደመሰለሽ አድርጊው" ነው ያሉኝ፣ እኔ ግን ከስድስት ወር በኋላ ተመልሼ ይሄንኑ መስራት አልፈልግም።

የቆየ_ሜንቴነር፦
አንድ ገጽ አድርጊው እህቴ፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ወደሱ የሚወስድ ሊንክ ብቻ ይሁን። ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ዌብሳይት) ላይ ከሆናችሁ ሰፖርት ዶት ኤምዲ የሚባል ፋይል አለ፣ ሰው አዲስ ኢሹ ሲከፍት ጊትሀብ ራሱ ወደዛ ይጠቁመዋል። ብዙ ሪፖ (የኮድ ማስቀመጫ) ካላችሁ ደግሞ ዶት ጊትሀብ የሚባል ፐብሊክ ሪፖ ከፍታችሁ እዛ አስቀምጡት፣ የራሱ ፋይል ለሌለው ሪፖ ሁሉ ያገለግላል።

ግን ሪድሚና ዌብሳይት አስተካክለሽ ጨረስኩ እንዳትዪ። እኛ ቻት ስንቀይር የድሮውን አድራሻ በጊት ግሬፕ (ፋይሎቹን ሁሉ በሚፈትሽ ትዕዛዝ) ስንፈልገው ያላሰብነው ቦታ ሁሉ ወጣ። የፕሮግራሙ ኸልፕ መጨረሻ ላይ "ባግ ካገኛችሁ እዚህ ላኩ" የሚል ኢሜይል አለ፣ እሱ የሚመጣው ከኮንፊገር ፋይሉ (ፕሮግራሙ ሲገነባ ከሚነበበው) የመጀመሪያ መስመሮች ነው፣ ከፕሮጀክቱ ስምና ቨርዥን ቀጥሎ ተጽፎ፣ ማንም ከፍቶት አያውቅም ኢሜይሉም ከሞተ ቆይቷል። ማን ፔጁም (የፕሮግራሙ መመሪያ) የፓኬጁ ሜታዳታም እንደዛው። እነዚህ ደግሞ አንዴ ሪሊዝ ከወጡ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጡ ዛሬ ብታስተካክዪም የድሮ ቨርዥን የያዘ ሰው ለዓመታት የድሮውን ነው የሚያነበው። ስለዚህ የድሮውን ቤት ዝም ብለሽ አትዝጊ፣ ቶፒኩ (ቻናሉ አናት ላይ የሚታየው ጽሑፍ) ላይ "ወደዚህ ሄደናል" ብለሽ ጻፊና ከናንተ አንድ ሰው እዛ ይቆይ።

የቻናሉን ባለቤትነትም አጣሪ። ፍሪኖድ በሚባለው የአይአርሲ ኔትወርክ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በባለቤትነት ጉዳይ ተጣልተው አብዛኞቹ ስታፎች ለቀው ሊቤራ ቻት የሚባል ሌላ ኔትወርክ አቋቋሙ፣ ፕሮጀክቶችም ተከትለው ወጡ። በዛው ወር ቶፒካቸው ላይ ሊቤራን የጠቀሱ በመቶ የሚቆጠሩ ቻናሎች በፍሪኖድ አስተዳደር ተወሰዱ፣ በጁን ደግሞ ሲስተሙ ሲቀየር የተመዘገቡት ስሞችና ቻናሎች ጠፉ። ዶክመንቴሽናቸውን ያላደሱ ፕሮጀክቶች ሰው እየላኩ የነበረው የነሱ ወዳልሆነ ቦታ ነበር ማለት ነው።

ቁልፍ_ጠባቂ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ ቅደም ተከተሉን ግን እቀይረዋለሁ። መጀመሪያ የሴኪዩሪቲ ኢሜይሉንና የስነምግባር ቅሬታ መቀበያውን እዪ፣ ቻቱ ይደርሳል። እኔ በነበርኩበት ፕሮጀክት የሴኪዩሪቲው ኢሜይል ፎርዋርድ የሚደረገው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ሰውየው ስራ ቀይሮ ሲሄድ ማንም ልብ አላለውም፣ አንድ ከባድ ሪፖርት አራት ወር ሳይነበብ ተቀመጠ። የላከው ሰው ታግሶን ነው እንጂ በአደባባይ ቢያወጣው አንፈርድበትም ነበር። ዛሬውኑ ከሌላ አካውንት ሙከራ ብለሽ ላኪበት፣ ማን እንደሚመልስ ታያለሽ። ጊትሀብ ላይ በግል ሪፖርት የማድረጊያውን ፊቸርም ኢኔብል አድርጉት፣ ከአንድ ሰው ኢንቦክስ ይሻላል።

የስነምግባር ደንባችሁ ከኮንትሪቢዩተር ኮቬናንት (ብዙ ፕሮጀክቶች ከሚቀዱት የደንብ ቴምፕሌት) የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ከፍተሽ አንብቢው። ቴምፕሌቱ ላይ "የመገናኛ መንገድ እዚህ ያስገቡ" የሚል በቅንፍ የተቀመጠ ክፍት ቦታ አለ፣ ሳይሞሉት ኮፒ አድርገው የተዉት ፕሮጀክቶች አይቻለሁ። የተበደለ ሰው ቸግሮት እዛ ድረስ መጥቶ ባዶ ቅንፍ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

የዲስኮርዱን ሊንክ ደግሞ አሁኑኑ አውርጂው። ጊዜው አለፈ ብቻ አይደለም ችግሩ፣ በ2025 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ያለፈበትን የኢንቫይት ኮድ ሌላ ሰርቨር የራሱ አድራሻ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፣ በዛ መንገድ ማልዌር ሲያሰራጩ ተገኝተዋል። ዲስኮርድ የምትቀጥሉ ከሆነ ኢንቫይቱን "ኤክስፓየር አያድርግ" ብለሽ ፍጠሪ፣ ዝም ካልሽው በሰባት ቀን ያልቃል።

አዲስ_ገቢ፦
እኔ ልክ እንደዛ ልጅ ነበርኩ። አንድ ፕሮጀክት ስገባ ሰባት አይኮን ተደርድሮ አገኘሁ፣ የቱ ለምን እንደሆነ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለም፣ ተሳስቼ ሰው እንዳላስቸግር ፈርቼ ሁለት ሳምንት ምንም ሳልጠይቅ ከረምኩ። በናትሽ ከእያንዳንዱ ሊንክ አጠገብ ለምን እንደሆነ ጻፊ፣ ጥያቄ እዚህ ባግ እዛ፣ ቶሎ ይመለሳል ወይስ ቀናት ይፈጃል። "ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ እንመልሳለን" የምትል አንድ መስመር ቢኖር እኔ በሰላም እተኛ ነበር።

ሊስት_አንባቢ፦
ሜይሊንግ ሊስቱን ግን ቸኩለሽ አትዝጊ። ሜሴጅ ባይላክበትም አርካይቩ የፕሮጀክቱ ትዝታ ነው፣ ለምን እንዲህ ተወሰነ ሲባል መልሱ የሚገኘው እዛ ነው። ቻት እንደዛ አይደለም፣ የስላክ ነፃ ፕላን ለምሳሌ የሚያሳየው የ90 ቀን ሜሴጅ ብቻ ነው። አዲስ ሜሴጅ እንዳይቀበል አድርጉትና አርካይቩን ግን ለንባብ ተዉት፣ ገጹ ላይም "የድሮ ውይይቶች" ብለሽ ሊንኩን አስቀምጪ። ቻት ላይ የተወሰነ ነገር ካለም ኢሹ ላይ ይጻፍ የሚል መስመር ጨምሪበት፣ ተኝቶ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

ሰነድ_አዳሿ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዲስኮርዱ ሊንክ ወርዷል። የሴኪዩሪቲ ኢሜይሉ ላይ ሙከራ ላክሁ፣ ለሁለት ሰው ነው የሚሄደው፣ አንዷ በሰዓት ውስጥ መለሰችልኝ የሌላው ግን ባውንስ አደረገ (ሳይደርስ ተመለሰ)፣ ዛሬ ሌላ ሰው ተተካ። ኮንፊገር ፋይሉ ላይም እንደተባለው የሞተ አድራሻ ነበር፣ እኔ ራሴ ኸልፑን ስንት ጊዜ አንብቤው አላየሁትም።

በየሳምንቱ የሚሮጥ ሊንክ ቼከር ሲአይ (ሙከራዎችን በራሱ የሚያስኬደው ሲስተም) ላይ ጨመርኩ፣ ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ ልጁ የጠበቀበትን ቻናል ቼከሩ ደህና ነው ይላል። ሊንኩ ይከፈታል፣ ሰው ነው የሌለው። ስለዚህ ሪሊዝ ቼክሊስታችን ላይ አንድ ሰው እያንዳንዱ ቦታ ገብቶ ሰላም ብሎ መልስ ማግኘቱን እንዲያረጋግጥ ጻፍኩ፣ ገጹ አናት ላይም መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን ይወጣል።

ረቂቁን መጀመሪያ ያሳየሁት ለዛው ልጅ ነው። ወርሃዊው ስብሰባ 15፡00 ላይ ይላል፣ "የየትኛው አገር 15፡00 ነው?" አለኝ። ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ብዬ ጨመርኩና መርጅ አደረግኩት።