1 ብቸኛ ቁጥር ያልተባለው ለምንድን ነው? 91ስ?

ወላጅ፣ ከድሬዳዋ (ከዚራ)፦

ጤና ይስጥልኝ። 6ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በሒሳብ ፈተና ላይ ከተሰጧት ቁጥሮች መካከል ብቸኛ ቁጥሮችን ለይታ እንድታወጣ ታዝዛ 1ንና 91ን ጨምራ ስለጻፈች ሁለቱም ተሰርዘውባታል። «1 ለ1 እና ለራሱ ብቻ ይካፈላል፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ብላ ብትጠይቀኝ መልስ አጣሁላት። 91ን ለ2፣ ለ3 እና ለ5 ሞክራ እምቢ ስላላት ነው ብቸኛ ነው ያለችው። እስከ ስንት ድረስ መሞከር እንዳለባት በምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው ብታገኙልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር፣ ከሐረር፦

ወንድሜ፣ የልጅዎ ጥያቄ ሊደነቅ የሚገባው ነው። በፈረንጆች 1914 የታተመው የሒሳብ ሊቁ የዴሪክ ሌመር የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥ እንኳ የሚጀምረው ከ1 ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት ትርጉም ግን «ብቸኛ ቁጥር ማለት ሁለት የተለያዩ አካፋዮች ብቻ ያሉት ቁጥር ነው» ይላል፤ የ1 አካፋይ ደግሞ ራሱ 1 ብቻ ነው። ትርጉሙ እንዲህ የተበጀበት በቂ ምክንያት አለ። 12ን በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ብንጽፈው 2×2×3 ይሆናል፤ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ካልቀያየርን በቀር ሌላ አጻጻፍ የለውም። ከ1 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ አጻጻፍ ብቻ አለው። 1ን ብቸኛ ብንለው ግን 1×2×2×3፣ 1×1×2×2×3 እያልን ማለቂያ ወደሌለው ነገር እንገባለንና ይህ ትልቅ ሕግ ይፈርስብናል።

ወደ 91 ስንመጣ፣ አካፋዮች ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ከጥንዱ ሁለቱም 10 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆኑ ብዜታቸው ቢያንስ 100 ስለሚሆን ከ91 ያልፋል፤ ስለዚህ 91 ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው ከጥንዱ አንደኛው የግድ ከ10 በታች መሆን አለበት። ከ10 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 2፣ 3፣ 5 እና 7 ናቸው። ልጅዎ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ 7×13 = 91።

ሴራሚክ አንጣፊ፣ ከድሬዳዋ (ሳቢያን)፦

መምህር ያሉትን በእጄ ስለማውቀው ልጨምር። 91 ሴራሚክ ቢሰጠኝ 7 በ13 አድርጌ ምንም ሳይተርፍና ሳይጎድል ደህና ክፍል አለብስበታለሁ። 97 ቢሰጠኝ ግን አንዱንም ሳልቆርጥ ሙሉ አራት ማዕዘን ላወጣበት የምችለው በአንድ ረድፍ ደርድሬ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀጭን ቤት ደግሞ የለም። ልጅቷ ጠጠር ወይም ባቄላ ቆጥራ ብትደረድር ብቸኛ ቁጥር ማለት ምን እንደሆነ በዓይኗ ታየዋለች።

ወላጅ፣ ከድሬዳዋ (ከዚራ)፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በባቄላ ከደረደርን በኋላ 223ን መረመርን። 15×15 = 225 ስለሆነ ከ15 በታች ያሉትን 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13ን ሞክራ ለአንዳቸውም አለመካፈሉን አየችና ብቸኛ ነው አለች። ከዚያም «4ን፣ 6ንና 9ንስ ለምን አንሞክርም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ እየመጣልኝ ቢሆንም ከመምህር አንደበት ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር፣ ከሐረር፦

ለ4 ወይም ለ6 የሚካፈል ቁጥር ሁሉ ለ2ም ይካፈላል፤ ለ9 የሚካፈልም ለ3 ይካፈላል። ለ2 እና ለ3 እምቢ ያለ ቁጥር ለብዜቶቻቸው እሺ ሊል አይችልም። ይህንኑ በወረቀት እንድታየው ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ይጻፉላትና 1ን ከሰረዘች በኋላ ከ2፣ ከ3፣ ከ5 እና ከ7 በቀር የእነዚህን ብዜቶች በሙሉ በየተራ ትሰርዝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ የሚታወቅበት ዘዴ ይህ ነው። ሳይሰረዙ የሚቀሩት 25 ይሆናሉ። የ7ን ብዜቶች ለመሰረዝ ስትደርስ 14፣ 21፣ 28፣ 35 እና 42 ቀድመው ተሰርዘው ታገኛቸዋለች፤ አዲስ የምትሰርዘው ከ49 ጀምሮ ነው። ለምን ከ49 እንደሆነ እርስዎ ሳይነግሯት ራሷ ታስብበት።