ለጄኔራል አማን አንዶም ሐውልት ይቁም ወይስ አይቁም?

አወያይ፦ የዛሬ ጥያቄያችን፣ ለሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም አዲስ አበባ ላይ ሐውልት ይገባቸዋል? ስድብ የለም።

ጡረተኛው፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ኮሪያ ዘምተዋል። በ1956 ከሶማሊያ ጋር ስንዋጋ ሐረር የነበረው የ3ኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ነበሩ። "የበረሃው አንበሳ" የተባሉት በባዶ ሜዳ አይደለም።

የአራዳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጀግንነታቸውን ማን ካደ? እኔ የምለው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ሲወሰዱ፣ የደርግ ሊቀመንበር ሆነው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ማን ናቸው? ንጉሡ የሾሟቸው ጄኔራል!

ጡረተኛው፦ ሾሟቸው ብቻ? አነሷቸውም እንጂ። ጦሩ የሚወደውን አዛዥ ሴናተር አድርገው አስቀመጡት። ከረባት ያለው ግዞት ነው።

የታሪክ አስተማሪዋ፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችሁ። አማን የደርግ አባል አልነበሩም። ደርጉ ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ መቶ ምናምን ሰዎች ስብስብ ነው፤ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው አልነበረበትም። ስም ያለው ጄኔራል ፈለጉ፣ እሳቸውን አመጡ። ድምፁ ግን የእነሱው ነበር። ጠቡም ወዲያው መጣ። እሳቸው አስመራ ሄደው ሕዝቡን አነጋገሩ፣ የኤርትራ ጉዳይ በንግግር ይለቅ አሉ። እነ ሻለቃ መንግሥቱ ጦር ይጨመር አሉ። የታሰሩት ባለሥልጣናት ይገደሉ ሲባልም አልተስማሙም። በኅዳር ቢሮ መግባት ትተው ቤታቸው ተቀመጡ። ኅዳር 14 ወታደር ቤታቸውን ከበበ፤ እጅ አልሰጡም፣ ተታኩሰው ሞቱ። በዚያው ሌሊት የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች እነ አክሊሉ ሀብተወልድ፣ እነ እንዳልካቸው መኮንን ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

የአራዳ ልጅ፦ እሺ መምህርት። ብዙዎቹ ሲታሰሩስ ኤታማዦር ሹሙ፣ ኋላም መከላከያ ሚኒስትሩ ማን ነበሩ?

የታሪክ አስተማሪዋ፦ እሷስ ከባድ ጥያቄ ናት። አልሸሻትም። ግን ማሰርና መረሸን አንድ ነው እንዳትለኝ።

ከዋሽንግተን፦ የእኔ ቤተሰብ ከአስመራ ነው። አማን በትውልድ ከዚያው ከኤርትራ፣ የፀአዘጋ ሰው ናቸው። በእሳቸው ተስፋ ያደረገ ብዙ ሰው ነበር። ከተገደሉ በኋላ በነበሩት ወራት ስንቱ ወጣት በረሃ እንደገባ የእኛን ሰፈር ጠይቁ።

ጡረተኛው፦ አያችሁ? ቢኖሩ ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር!

የታሪክ አስተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እዚያ ድረስ አልሄድም። የኤርትራ ነፃነት ግንባሮች ከእሳቸው በፊትም ይዋጉ ነበር። በዚያ ላይ በእጃቸው ጦር የሌለ፣ በስብሰባ የሚሸነፉ ሊቀመንበር ምን ያስቆማሉ?

የአራዳ ልጅ፦ በቃ እንታረቅ። የ1956ቱ አዛዥ ከሆኑ ሐውልቱን ሐረር አቁሙት፣ የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ አወጣለሁ። የደርግ ሊቀመንበር ከሆኑ ግን አዲስ አበባ ላይ አይሆንም። በዚያ ሌሊት የተገደሉት የ60ዎቹ ሰዎች ቤተሰብ ምን ይላል?

የታሪክ አስተማሪዋ፦ 60 ስትል እሳቸውን ቆጥረህ ነው ሳትቆጥር?