በ98 ሰከንድ ያሸነፈችው ትሪማራን፦ ፍጥነቷ ከምን የመጣ ነው?

የመካኒኩ ልጅ

በ1978 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመጀመሪያው የሩት ዱ ሩም ውድድር (ከፈረንሳይ ተነሥቶ አትላንቲክን ለብቻ የማቋረጥ የጀልባ ውድድር)፣ ካናዳዊው ማይክ በርች ኦሊምፐስ ፎቶ በተባለች 12 ሜትር በማትሞላ ባለ ሦስት አካል ጀልባ (ትሪማራን) ከሳን ማሎ ተነሥቶ በ23 ቀን ከ6 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ጓዴሎፕ እንደደረሰ አንብቤአለሁ። ሚሼል ማሊኖቭስኪ 21 ሜትር በምትረዝመው ባለ አንድ አካል ጀልባ በክሪተር 5 ተወዳድሮ በ98 ሰከንድ ብቻ ተቀደመ። እኔ የማውቀው ደንብ ግን ጀልባ በረዘመች መጠን ትፈጥናለች የሚል ነው። ታዲያ በርዝመት ግማሽ ያህል የምትሆነው እንዴት ልትቀድም ቻለች? ከሥሯ የእርሳስ ክብደት ሳይኖርስ ሸራዋን እንዴት ተሸከመች?

ነፋስ ስልክ

ደንቡ የሚሠራው ወፈር ላሉና ለከባድ ጀልባዎች ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ ስትጓዝ ሞገድ ታነሣለች፤ ፍጥነቷ ሲጨምር ሞገዱም ይረዝማል፤ የሞገዱ ርዝመት ከእርሷ ርዝመት ጋር ሲተካከል ራሷ በፈጠረችው ጎድጓዳ ውስጥ ተይዛ ትቀራለች። በዚህ ስሌት ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ 11 ሜትር የሆነች ጀልባ 8 ኖት (በሰዓት 8 የባሕር ማይል) ገደማ፣ 19 ሜትር የሆነችው ደግሞ 10.5 ኖት ገደማ ላይ ትገታለች። የትሪማራን አካል ግን ርዝመቱ የስፋቱን ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ውኃውን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ትልቅ ሞገድ አያነሣም።

ስለ ሚዛኑ፦ ባለ አንድ አካል የውድድር ጀልባ ከጠቅላላ ክብደቷ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ግማሽ ያህሉን በእርሳስ መልክ ከሥሯ ይዛ ትዞራለች። ትሪማራን ይህን ሥራ በስፋቷ ትሠራለች። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ በማዶ በኩል ያለው የጎን ተንሳፋፊ ወደ ውኃው ይጫናል፤ ውኃውም መልሶ ወደ ላይ ስለሚገፋው ጀልባዋ ቀና ትላለች። እርሳሱ ስለቀረ ትቀላለች፤ ስለምትቀል ቀጭን አካል ይበቃታል፤ ቀጭን ስለሆነች ደግሞ ያው ነፋስ የበለጠ ያስኬዳታል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ይሠራ የነበረው የኦሊምፐስ ፎቶ ንድፍ አውጪ ዋልተር ግሪን በዚህ ረገድ የሌላውን የትሪማራን ንድፍ አውጪ የዲክ ኒውዊክን መንገድ የተከተለ ሰው ነው።

ሸራና ገመድ

ማብራሪያው ትክክል ቢሆንም ለተጠየቀው ውድድር ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። ቀጥተኛው መስመር ወደ 3,500 የባሕር ማይል ስለሚጠጋ፣ ለ559 ሰዓት ሲካፈል አማካይ ፍጥነቱ 6.3 ኖት ያህል ነው። ትክክለኛው ጉዞ ከዚህ ቢረዝምም፣ ሁለቱም ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሞገድ ገደባቸው በታች ሲሄዱ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። በእንዲህ ያለ ዝግተኛ ጉዞ ደግሞ ጀልባን ይበልጥ የሚይዛት ውኃው ከአካሏ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ነው። የትሪማራን ጎን ተንሳፋፊዎች ከመካከለኛው አካል ከፍ ተደርገው ስለሚገጠሙ፣ ነፋስ ሲደክም ውኃ የሚነካው የአካሏ ክፍል ትንሽ ነው። መጨረሻ ላይ ማሊኖቭስኪ ይመራ ነበር፤ ቢጫዋ ትንሽ ጀልባ ያለፈችው ወደቡ ከተቃረበ በኋላ፣ ነፋሱም ደካማ ሳለ ነው። ሰዎች ስለ ትሪማራን ሲያወሩ ከፍተኛውን ፍጥነት ብቻ መጥቀሳቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

የመካኒኩ ልጅ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ይሁንና በዚያው ውድድር አላን ኮላ ማኑሬቫ ከተባለች ትሪማራኑ ጋር ደብዛው ጠፍቷል። የመገልበጥ አደጋውስ?

ነፋስ ስልክ

ማኑሬቫ ምን እንደገጠማት ስላልታወቀ ማስረጃ አትሆነንም። የተሻለው ምሳሌ በ1976 የተገለበጠችው የኒውዊክ ንድፍ ገልፍ ስትሪመር ናት፤ ባለቤቷ ፊል ዌልድና ባልደረባው በተገለበጠው አካል ውስጥ ለቀናት ቆይተው በመርከብ ተረፉ። ትሪማራን በጥቂቱ ስታዘነብል እጅግ ጽኑ ናት፤ ከወሰኗ ካለፈች ግን ተገልብጣም እንደዚያው ጽኑ ትሆናለች፤ እርሳስ ስለሌላት በራሷ አትቃናም፣ ነገር ግን አትሰጥምም። መጠንም ወሳኝ ነው፤ የአንዲት ጀልባ ልክ በሁሉም አቅጣጫ በእጥፍ ቢያድግ ነፋሱ የሚገለብጥበት ኃይል 8 እጥፍ ሲጨምር የሚያቃናት ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ኦሊምፐስ ፎቶ ያለች ትንሽ ጀልባ ከትልቋ ቀድማ ሸራ መቀነስ አለባት።

ዌልድ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1980 በ65 ዓመቱ ሞክሲ በተባለች ሌላ የኒውዊክ ትሪማራን ከፕሊመዝ ኒውፖርት በ17 ቀን ከ23 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ ለብቻ አትላንቲክን የማቋረጡን ውድድር አሸንፏል።

ሸራና ገመድ

አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ዘመን ጎን ተንሳፋፊዎች ከዛሬዎቹ በጣም ያነሱ ናቸው። የዛሬዎቹ እያንዳንዳቸው የጀልባዋን ሙሉ ክብደት ከበቂ በላይ መሸከም ስለሚችሉ መካከለኛው አካል ከውኃ ወጥቶ እንኳ መጓዝ ይቻላል። የድሮዎቹ ግን ከተጫኑ ጫፋቸው ውኃ ውስጥ ይቀበራል። አሮጌ ትሪማራን የሚነዳ ሰው ዓይኑ ከዚያ ጫፍ መነሣት የለበትም፤ ውኃው በላዩ መሻገር ሲጀምር የዋናውን ሸራ ገመድ ወዲያውኑ ያላላል።