ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ የዱር እንስሳትን ለማየት፦ አዋሽ ወይስ ነጭ ሳር?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ ሣር ምድር እንስሳት ለዓመታት ሳስተምር ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር ያሳየሁት ነገር ስለሌለ፣ በሴሚስተር እረፍት ሦስት መምህራን ከሦስት ልጆች ጋር ሆነን ወደ አንድ ብሔራዊ ፓርክ ለመጓዝ አስበናል። አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክንም ብናስብ መንገዱን ከልጆች ጋር ለመድፈር ስላመነታን፣ ምርጫችን አዋሽና ነጭ ሳር ላይ ቆሟል። ልጆቹ አንበሳ እናያለን ወይ እያሉ ይጠይቁኛልና፣ ሄዳችሁ ያያችሁ ሰዎች ቁርጡን ብትነግሩኝ።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)
መምህር፣ አንበሳውን ቃል አይግቡላቸው። በአዋሽ ጥቂት አንበሶች ቢኖሩም የሚንቀሳቀሱት በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነ፣ ሳያያቸው የሚመለሰው ጎብኚ ይበዛል። እኔን ባለፈው ዓመት ያሳፈረኝ ግን የእንስሳቱ ማነስ ሳይሆን የራሴ ሰዓት አለማወቅ ነበር። ከአዲስ አበባ አርፍደን ተነሥተን ከፓርኩ በር ስንደርስ ቀትር ሆኖ ስለነበር፣ ኢላላ ሳላ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ከሚርገበገበው ሙቀት በቀር ያየነው አልነበረም። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንገባ ግን ሳላ የሚባሉት የዱር እንስሳት ቀጥ ያለ ረጅም ቀንዳቸውን ይዘው በመንጋ ሲግጡ፣ ከርከሮዎች ጅራታቸውን እንደ ዘንግ አቁመው ሲሮጡ፣ እንሹ የሚባሉት ትንንሽ ሚዳቋ መሳይ እንስሳትም ከቁጥቋጦው ሥር ቆመው ሲያዩን አገኘናቸው።

ለክፍልዎ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሳላ ውሃ ሲያጥረው በላብ ከመቀዝቀዝ ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ እንዲወጣ ይተወዋል፤ ያከማቸውን ሙቀት ደግሞ ሌሊት አየሩ ሲበርድ ይለቀዋል። ሰው ቢሆን የሚሞትበት ሙቀት ነው። ይህን ለልጆቹ እንስሳው ከፊታቸው ቆሞ እያለ ቢነግሯቸው፣ ከሰሌዳው ይልቅ የሚያስታውሱት እርሱን ይመስለኛል።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና በመካከሉ ስለሚያልፍ መድረሱ አያስቸግርም። የአዋሽን ፏፏቴ ሳያዩ አይመለሱ፤ አዞም ከወንዙ ዳር ይገኛል።

መልስ (ባሕር ዳር)
ከወንድሜ ጋር በሰዓቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ በቦታው ግን አልስማማም። ልጆች ከሥዕል የሚያውቁትን የሜዳ አህያ በመንጋ ማየት ከፈለጉ የሚሻለው ነጭ ሳር ነው። ሜዳው ስሙን ያገኘው ከነጣው ሣሩ ሲሆን፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ ተሻግሮ ይደረሳል። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና የግድ ነው፤ እኛ በተከራየነው ዝቅ ያለ ሚኒባስ ሞክረን ግማሽ መንገድ ላይ ተመልሰናል። በጫሞ ላይ በጀልባ ሄዶ አዞና ጉማሬ ማየት ግን ለማንም አይከብድም። በሻሸመኔ በኩል የሚሄዱ ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን ቆርኬ የሚባል ባለ ቀንድ የሣር ምድር እንስሳ ለማየት በሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ጥቂት ሰዓት ማረፍ ይገባል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ነጭ ሳር አጠገብ እስካለችው አርባ ምንጭ ደግሞ 500 ገደማ መሆኑን ሳስብ፣ በአንድ ሳምንት እረፍት ለልጆቹ አዋሽ የሚሻል መሰለኝ። ስንት ሌሊት እንደር?

መልስ (ፍኖተ ሰላም)
ከሁለት ሌሊት አያንሱ፤ ሁለት ንጋት ያስፈልግዎታልና። እንስሳት በውሃ ዳር የሚሰበሰቡት ሣሩ ሲደርቅ ስለሆነ ጥር መጨረሻ ጥሩ ጊዜ ነው። ከፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ጋር ይግቡ፣ ከመኪናም ያለ እርሱ ፈቃድ አይውረዱ። ሙቀቱ ከዓባይ በረሃ የማይተናነስ ስለሆነ ውሃ በብዛት ይያዙ፤ ወባም ስላለ አጎበር አይርሱ።

መልስ (እንጅባራ)
አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ቢያንስ ሁለት ይያዙ። እኛ አምስት ሰዎች በአንድ መነጽር ስንቀባበል ተራዬ ሳይደርስ አጋዘኑ ከጫካ ገባ።