«አይ ዋንደር» ያለው ሰው ተገረመ ወይስ ጠየቀ?

የጦሳ ልጅ፦ ላሊበላ ላለ የእንግዳ ማረፊያ የተላከ የእንግሊዝኛ መልእክት ነው፤ «አይ ዋዝ ዋንደሪንግ ኢፍ ዩ ሃቭ ኤ ሩም ፎር ቱ ናይትስ» ይላል። ተርጓሚው «ለሁለት ሌሊት ክፍል ስላላችሁ ተገርሜ ነበር» ብሎ አስቀመጠው። ስድብ አይመስልም? እንዴት ይስተካከል?

ቦርከና፦ ይመስላል እንጂ! ዋንደርን የሚፈታው ተከታዩ ቃል ነው። «አት» ወይም «ዛት» ከተከተለው መደነቅ ነው። «ኢፍ»፣ «ዌዘር»፣ «ዋይ»፣ «ሁ» ከመጣ ግን መደነቁ ይቀርና ለማወቅ መፈለግ ይሆናል፤ በእኛ «ይሆን» ወይ «ለመሆኑ»። «ዋዝ» የገባው ያለፈ ነገር ለማውራት ሳይሆን ጥያቄውን ለማለዘብ ነው። ሱቅ ገብተን «ስኳር ፈልጌ ነበር» እንል የለ?

ሸዋበር፦ ሲነበብም ተጠንቀቁ። በ«ኦ» የሚጻፈው ዋንደር ነው፤ በ«ኤ» የሚጻፈው ነው ዎንደር የሚባለው፣ ትርጉሙም መንከራተት። ፊደሉን ያመነ ይገለበጣል።

ቅኔ ዘራፊ፦ ሥሩን ሳትይዙ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠላችሁ። ግእዝ ለይቶ አስቀምጦታል፦ መንክር ከአንከረ፣ ተአምር ከአመረ፤ ተአምር መጀመሪያ ምልክት ነው። ግሩም ደግሞ የሚያስፈራ ማለት ነው፤ ግርማም ከዚያው ነው። መዝሙር 46 ላይ «ልዑል ወግሩም» ሲል «አሪፍ» ማለቱ መሰላችሁ? «ምሳው ግሩም ነው» የምትሉ ሁሉ ምሳው ያስፈራል እያላችሁ ነው።

ሸዋበር፦ አንዳንዱስ ያስፈራል 😄 የእንግሊዝኛው «አውፉል»ም ድሮ ግርማ ያለው ማለት ነበር፤ እሱ ቁልቁል ወረደ፣ ግሩም ዳገቱን ወጣ።

ቦርከና፦ ግእዙ ደግ ነው፤ የተርጓሚው ስሕተት ግን አማርኛው ላይ ነው። እኛ «ገረመኝ» ስንል አድራጊው ነገሩ ነው፣ ሰውየው ተቀባይ ነው። በዋንደር አድራጊው ራሱ ሰውየው ነው። ስለዚህ የመደነቁ ዋንደር እንኳ ቢሆን «እገረማለሁ» ከማለት «ይገርመኛል» ይሻላል።

ሐይቅ ዳር፦ ወሎዬ ሆናችሁ አጃኢብን ትዘሉታላችሁ? ዐረብኛው «ዐጀብ» መደነቅ ነው፤ አጃኢብ ብዙ ቁጥሩ ነው። የንጉሥ አጀብም ከዚሁ ነው፣ ሕዝቡ አይቶ ስለሚደነቅበት።

ቅኔ ዘራፊ፦ ድምፅ ስለገጠመ ሥር አይሆንም። እንዲያማ ከሆነ ዋንደርም «ወንድ» ከሚለው መጣ በላ! ቃሉ የጀርመን ዘር ነው፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ቩንደር» ይላሉ። ደግሞ አጃኢብ የዐጂባ ብዙ ነው፣ የዐጀብ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦ የኔታ፣ በብዙ ቁጥሩ ረታኸኝ። በአጀቡ ግን አልተረታሁም፤ አጀበን ከግእዝ አውጥተህ አሳየኛ።

የጦሳ ልጅ፦ ኧረ ጌቶቼ፣ ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው! «ለሁለት ሌሊት የሚሆን ክፍል ይኖራችሁ ይሆን?» ብዬ ልቋጨው?

ቦርከና፦ አብሽር፣ ቋጨው።

ቅኔ ዘራፊ፦ «ይሆን» ላይ ግን አንድ ነገር አለኝ።